ያልተጻፈው «ተፈጸመ»

ዘጌ፣ ሰኞ

ይድረስ ከሐይቁ ማዶ ፋሲሎ ለሚገኙት ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ አባባን ብቻ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እስከ ዛሬ «አንተ» ስልዎ ኖሬያለሁ። መጽሐፉ ከታተመ ወዲህ ግን አፌ እምቢ አለኝ። አንተ የምለው የምቀርበውን ሰው ነው።

ስልክዎን ስለማላነሳ የላኩት የአክስታችን ልጅ ክንዱ መልእክትዎን አድርሷል። «የቀሩትን ደብተሮች ቶሎ ላኪ፤ ሐሙስ ኮሌጁ አዳራሽ ከሁለተኛው መጽሐፍ አነባለሁ» ብለዋል አሉ። ሰው እንዴት አያፍርም! ከላቲን ወደ አማርኛ የተረጐምሁባቸውን አራት ደብተሮቼን «በኮምፒውተር ላስጽፍልሽ» ብለው አባባ ፊት ወሰዱ። ታትመው ሲመጡ ተርጓሚው እርስዎ ሆነው ተገኙ። ከካቶሊክ አባቶች ዘንድ አምስት ዓመት ላቲን የተማርሁት እኔ፣ ስድስት ክረምት ዓይኔን ያጠፋሁት እኔ! የእኔ ስም በምስጋናው ገጽ ላይ እንኳ የለም። አባባ መጽሐፉ ሲነበብላቸው የተርጓሚውን ስም ሰሙ። የዚያን ዕለት እራት አልበሉም።

ደግሞ በማን መጽሐፍ! እኔ መጽሐፉን የተረጐምሁለት ሰውዬ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የግሪኩን ፍልስፍና ወደ ላቲን ሲመልስ፣ ገና በመግቢያው ክብሩን ለወዳጁ ይሰጣል፤ ሥራውን ያዘዘኝ እሱ ነው፣ እሱ ቢሠራው ይበልጥ ያምር ነበር ይላል። እርስዎ መግቢያውንም አላነበቡትም።

«መጨረሻው ላይ ተፈጸመ አላልሽም፤ የደበቅሽው ደብተር አለ» ብለውኛል። የመሪጌታ ልጅ ነዎትና መጽሐፍ ሲያልቅ ተፈጸመ እንደሚባል ያውቃሉ። እኔን ግን አባባ ከለከሉኝ። የመጽሐፉ ባለቤት ያልጨረሰውን ተፈጸመ ማለት ውሸት ነው አሉኝ። ሰውዬው የግሪኩን መጽሐፍ ግማሹን ብቻ ተርጕሞ ነው ያቆመው። የቀረ ደብተር የለኝም፤ በላቲንም ቀሪው የለም። ላቲን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሐሙስ ንባብዎን ለመስማት ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሁለቱ የላቲን መምህራንም ያውቃሉ።

ክንዱ በነገው ጀልባ ይመለሳል። ባዶ እጁን ነው የምሰደው፤ «እልካለሁ ብላለች በላቸው» ብዬዋለሁ። ይህን አምነው ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ስለ ሁለተኛው መጽሐፍ ይናገራሉ። ይህን ደብዳቤ ዓርብ ለሚሻገሩት ለአባ ወልደ ገብርኤል እሰጣለሁ።

አባባ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ ብለው መርቀውዎታል። እኔም አሜን ብያለሁ። ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ሐሙስን እያስታወሱ ይኑሩ።

የአባትዎ ልጅ