የቦኖው ማመልከቻ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ አበጀ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጨጓራዎ ተሻለዎት ወይስ እንደ ልማድዎ ሕመምዎን ደብቀውኝ ነው? እናታችንስ እንዴት ናት? የላክሁላት ቅባት ጉልበቷን ያዘላት? እትዬ ይታይሽ ከነልጆቹ ደህና ናቸው? ዝናቡ ጣለላችሁ? መንገዱስ ሰላም ነው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ጋሼ፣ የሚያስከፋዎትን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ዘንድሮም አልመጣም። የዝውውሩ ዝርዝር ባለፈው ሳምንት ተለጠፈ፣ ስሜ የለበትም። ምክንያቱን የነገረኝ ሰው የለም። እኔ የምጠረጥረውን ግን ከሌላ ከሚሰሙ ከራሴ ይስሙ ብዬ ነው የምጽፍልዎት።

የማስተምርበት መንደር ከአሶሳ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ነዋሪዎቹ የበርታ ገበሬዎች ናቸው። ካቻምና የውሃ መስመር ሲዘረጋ ቦዩን በነፃ የቆፈሩት እነሱ ናቸው። ውሃው ሲመጣ ግን መንደሩን አልፎ ኮረብታው ላይ ወደተሠሩት የኃላፊዎች ቤቶች ወጣ። እዚያ ሣር ያጠጡበታል። የመንደሩ ቦኖ በአሥር ቀን አንዴ ቢከፈት ነው። እኔም የተከራየሁት ከኮረብታው ግርጌ ነውና የግቢዬ ቧንቧ ደርቆ አያውቅም።

ሳሊማ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ሁልጊዜ አርፍዳ ነበር የምትመጣው። እንቅልፍ የሚያስረፍዳት መስሎኝ ስንት ቀን ከበር መለስኋት መሰለዎት! በመጋቢት ወር አንድ ቀን ጠዋት ጨርሶ ቀረች። ለካ ከወንዝ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ አዳልጧት እጇ ተሰብሯል። ያን ዕለት ጠዋት እኔ ነጠላዬን በሦስት ውሃ አጥቤ አስጥቼ ነበር የመጣሁት። ባሰብሁት ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

በሁለተኛው ቀን እናቷ ኢቲዳል ልጇን ይዛ ትምህርት ቤት መጣች። አማርኛዋ እንደ ነገሩ ነው፤ እኔን ሴቷንም «አንተ» ነው የምትለኝ። «መምህር፣ እኛ ቦይ ቆፈረ፣ ውሃ እኛን አልፎ ሄደ። አንተ ጻፍ፣ እኛ ይወስዳል» አለችኝ። አልዋሽዎትም፣ ፈራሁ። ዝውውሬ የሚፈረምበት ቢሮና የውሃው ቢሮ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ላስብበት ብዬ ሸኘኋት። በሩ ላይ ሳሊማ እጇ እንደታሰረ ቆማ አየችኝ። ያ በር ስንት ቀን የመለስኋት በር ነው። እናቷን ጠርቼ መለስኋትና እሷ እየነገረችኝ ማመልከቻውን ጻፍሁ።

ስድሳ ሦስት ሴቶች አሻራቸውን አደረጉበት። የውሃው ኃላፊ አንብቦ ሲጨርስ ማን እንደጻፈላቸው፣ ከጀርባቸው ማን እንዳለ ጠየቃቸው። ኢቲዳል «እኛ ነው» አለችው። ከዚያ ባዶ ጀሪካናቸውን ደርድረው የቢሮው በር ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ሙሉ! አልጮሁም፣ ድንጋይ አላነሡም። ሶላት ሲደርስ ተነሥተው ይሰግዳሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቀን ኢቲዳል ሕዝብ አነሣሥታለች ተብላ ልትከሰስ ነው ሲባል ሰማሁ። ርዕሰ መምህራችን ዐወድ ለእኔው አዝኖ አርፌ እንድቀመጥ መከረኝ። አላስቻለኝም። ወደ ውሃው ኃላፊ ሄጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ቃሉ ግን የእነሱ ነው አልሁት። ኃላፊው ሙሉ ስሜን ጠይቆ መዘገበ።

ክሱ ቀረ። ቦኖውም አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ይከፈታል፤ ኮረብታው ላይ ግን እንደ ድሮው በየቀኑ ነው። እኔ ሦስቱን ቀን እንደ ትልቅ ድል ሳወራ ኢቲዳል ሳቀችብኝ። የቀሩት አራት ቀኖችስ የማን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ሳሊማ እጇ ድኗል፤ ቦኖው በሚከፈትበት ቀን ከሁሉ ቀድማ ክፍል ትገባለች።

እናታችን እንደምታለቅስ አውቃለሁ፤ እባክዎ ቀስ ብለው ይንገሯት። አጥፍተሻል ካሉኝ ቁጣዎን እቀበላለሁ፣ መጸጸት ግን አልቻልሁም። አሁን ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ፊደል ሊቆጥሩ ክፍሌ ይመጣሉ። ኢቲዳልን ስሟን በመጻፍ እንድንጀምር ብጠይቃት ስሟ የትም እንደማይሄድ ነገረችኝ። መጀመሪያ እንዳስተምራት የፈለገችው ማመልከቻ አናት ላይ የሚጻፈውን «ጉዳዩ» የሚለውን ቃል ነው።

እናታችንን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እትዬ ይታይሽን፣ ትልቋን ልጅ፣ መንትዮቹንም አንድ በአንድ ሰላም ይበሉልኝ። ለእርስዎም ጤናውን ይስጥልኝ።

እህትዎ ሸዋነሽ
አሶሳ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.