ቁልፍ በግራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

እኔ ነኝ ጉረኛ? እውነት መናገር ጉራ ከሆነ አዎ ነኝ፣ በቃ! እዚህ ስፌት ቤት ከእኔ ፈጥኖ ቁልፍ የሚሰፋ ማነው? ይምጣ እስቲ።

ትናንት ደወለች። እዚህ ልብስ ትተኩስ የነበረችው ልጅ፣ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ የሄደችው። "እኛ ጋ ቁልፍ የሚሰፋ ይፈልጋሉ፤ እስከ ቅዳሜ ነው። ትመጣለህ?"

"የፈለገኝ እዚህ ይምጣ" አልኳት።

"ጉረኛ!" ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ትዝጋ... ካውያው ጋ አሁን አንድ ወንድ ቆሟል። አይዘፍን፣ አይሳደብ። ይሄም ሰው ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሸሚዙ ላይ ቁልፍ። በሩ ላይ ቁልፍ። ስልኩ ላይ ቁልፍ። የእማዬ ቀሚስ ዚፑ ሲበላሽባት መርፌ ቁልፍ። አለቃችን ማስተር ደግሞ ትርፍ ሰዓት ሊያሠራኝ ሲፈልግ "አንተ እኮ ቁልፍ ሰዋችን ነህ" ይለኛል። ለስንቱ ነው አንድ ስም? ይሄን ለልጅቷ ብነግራት በሳቅ ትሞት ነበር። "ሥራ ፈት!" ትለኝ ነበር።

መደወል ነዋ... እኔ ልለምን? እኔ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አልደወለችም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጉድ ሆንኩ። የወንድ ሸሚዝ ቁልፉ በቀኝ፣ የሴት በግራ ነው። ማንም ያውቀዋል። እኔ ግን የወንዱን ክምር በሙሉ በግራ ሰፋሁት! ማስተር አንዱን ለብሶ መሀል ቆመ፤ "አምሮብኛል? ባል ፈልጉልኛ!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

እጄ ነው ያሳሳተኝ። አንዴ ልጅቷ እዚህ ሳለች የሥራ ጋውኗ ቁልፍ ተበጥሶ ሳታወልቀው ሰፋሁላት። በግራ። "መርፌውን ብትወጋኝ ወዮልህ!" ትንፋሿ ግንባሬ ላይ... ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ያኔ ምን ነበር አንድ ነገር ብል? አፍ እንደሆነ ሞልቶኛል።

ሸሚዞቹን ስፈታ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

"እማ፣ ብሄድስ?"

"ሂድልኝ! እዚህ ሆነህስ መቼ አለህ? ስጠራህ እንኳ አትሰማኝ።"

ደወልኩ። አታነሳም። ሥራ ላይ ትሆናለች... ወይስ አይታ ነው? እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

"ናፍቀሽኛል። ቦታው ባይኖርም እመጣለሁ፤ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። አንቺ ብቻ ና በይኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ መኪናው ሊሞላ ነው፣ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ልሳፈር አልሳፈር? አሁኑኑ መልሺ!"