ልጄ በቀን ስንት ጊዜ ትወርውር? ብዬ ሦስት ጊዜ ለጠየቅኋቸው የቴክኒክ ዳይሬክተር

ለቀይ ጎፈር የልጃገረዶች ሶፍትቦል ሊግ ክቡር የቴክኒክ ዳይሬክተር
ካልጋሪ፣ ጁላይ 2006

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለትከሻዎ፣ ለክርንዎና ለእጅዎ አንጓ ደኅንነት ያለኝን ጽኑ ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛ እዚህ ኤሪን ውድስ ሰፈር ከአንዲት ትከሻ በስተቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ በአማርኛ ያወጣሁት ቋንቋውን እንደማያውቁት ጠፍቶኝ አይደለም። እርስዎ የማንረዳውን ጽሑፍ ሦስት ወር ሙሉ ሲልኩልን «ደጋግማችሁ አንብቡት፣ ቀስ በቀስ ይገባችኋል» ብለው መክረውን ስለነበር ያንኑ ምክር ከነምስጋናው ልመልስልዎ ብዬ ነው።

እኔ ገብረመድኅን እባላለሁ፤ የዘይት ቧንቧ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ልጄ ሄርሜላ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በሊግዎ ውስጥ ኳስ ወርዋሪ ለመሆን ትፈልጋለች፤ ይህንንም የምትፈልገው ከልደት ስጦታም ከበዓል ልብስም አብልጣ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፣ ወርዋሪ ማለት ክንዷን አንድ ዙር አዙራ ኳሱን ከወገቧ በታች የምትለቅ ልጅ ናት። ሚያዝያ ላይ አሠልጣኟ እንደ ግማሹ የከተማችን ወንድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጅ ዘይት ማውጫው ሄደ። እርስዎም በእርሱ ምትክ ሰው መፈለግ አድካሚ ሆኖ ስላገኙት በሰው ፈንታ የኢንተርኔት ገጽ መደቡልን። ወላጆች ገጹን እያነበብን ልጆቻችንን በየቤታችን እንድናሠለጥን፣ በጁላይ ውድድር የምትወረውረውም በቤቷ በሚገባ የተዘጋጀችው እንደምትሆን በኢሜይል አበሠሩን። ስለዚህ ፈጣን መፍትሔ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ የገጽዎ ቋንቋ። እኔ በዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ኖሬ የታክስ ፎርም በራሴ እጅ ሞልቻለሁ፣ የከባድ መኪና ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ አልፌያለሁ። «ወርዋሪዋ ኪኔቲክ ቼይኑን ከመሬት ጀምራ በቅደም ተከተል ታቀጣጥል፤ ዳሌዋ ከትከሻዋ ይለይ» የሚለውን ግን ኩሽና ውስጥ ቆሜ አራት ጊዜ አንብቤ፣ የተባለው ስለ ልጄ ይሁን ስለ መኪናዬ መለየት አቃተኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አገር ቤት ነርስ ነበረች፤ የሰው ዳሌ ከትከሻው የሚለይበትን ሁኔታ በሥራዋ አንድ ጊዜ አይታ እንደምታውቅና ለልጇ እንደማትመኘው በትሕትና ገለጸችልኝ።

ሁለተኛ፣ ገጽዎ ከራሱ ጋር ተጣልቷል። ሰኞ የእጅ አንጓዋን በኃይል ትስበር ብሎ አዘዘን፤ ሐሙስ ደግሞ አንጓ መስበር የድሮ አሠልጣኞች ስሕተት ነው አለን። ማክሰኞና ረቡዕ ልጄ የወረወረችው ውርወራ በየትኛው ሃይማኖት እንደሚቆጠር እስከ ዛሬ አልተገለጸልንም።

ሦስተኛ፣ እኛ ግን ገጽዎን አልናቅነውም፤ ይህንን እንዲያውቁልን እፈልጋለሁ። አምስት ቤተሰብ ሆነን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጽሑፉን አሳትመን እንቀመጥ ነበር። በእኛ ዘንድ ከባድ ጽሑፍ በሩጫ አይነበብም፤ አንዱ ያነባል፣ ያወቀ ይተረጉማል፣ ሌላው ያዳምጣል። አንባቢው እኔ ነበርሁ። ተርጓሚው አቢዴል ሰፈር የሚኖረው ታክሲ ነጂው ሸዋዓለም ነበር፤ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገርዎ «አንድም» እያለ ሁለትና ሦስት ፍች ይሰጠው ነበር። ጽሑፍዎ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲያ ተከብሮ አያውቅም፤ እርስዎም ራስዎ ያን ያህል እንዳላሰቡበት እርግጠኛ ነኝ።

ከዕለታት አንድ እሑድ «እንቅስቃሴው ሳታስብበት እስኪመጣ ድረስ ይደጋገም» ከሚለው ላይ ደረስን። መዝገበ ቃላት ሳንከፍት የገባን የመጀመሪያው ትእዛዝዎ ይህ ነበር። የሸዋዓለም ፊት በራ፤ እርሱ ዳዊትን የያዘው እንደዚሁ እንደሆነ፣ ተማሪ ሲሳሳት ከመጀመሪያው እንደሚጀምር፣ ዕውቀት ሌላ መንገድ እንደሌለው አስረዳን፤ ሁላችንም ራሳችንን በእሺታ ነቀነቅን። ስለዚህ ሄርሜላ ጠዋት መቶ፣ ከትምህርት ቤት መልስ መቶ እንድትወረውር ወሰንኩ፤ ጋራዡ በር ላይ ከሣልኩት አራት ማዕዘን አንድ ኳስ ከወጣ ቆጠራው ወደ አንድ ይመለሳል። እኔ የቀለም ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ እቆጥር ነበር። ገጽዎ ላይ ቁጥር ስላልነበረ ባዶውን ቦታ በምናውቀው ሞላነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ሳሚው እኔ ነኝ።

አራተኛ፣ ጠይቄ ነበር። በእኛ አስተዳደግ መምህርን መጠየቅ ድፍረት ነው፤ እኔ ግን ልቤ አላርፍ ስላለኝ ሦስት ጊዜ ደፍሬያለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ትወርውር? ብዬ ስጽፍልዎ «ግሩም ጥያቄ ነው!» ብለው ያንኑ ገጽ መልሰው ላኩልኝ። ስደግም «እያንዳንዷ አትሌት ልዩ ናት፤ ሂደቱን እመኑ» አሉኝ፤ አመንን። በሦስተኛው ኮምፒውተርዎ በእርስዎ ፈንታ መልስ ሰጥቶ ዓሣ ለማጥመድ እንደሄዱ ነገረኝ። እንደቀናዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

እርስዎ ዓሣ ማጥመዱ ላይ ሳሉ፣ በጁን ወር በአንዱ ማክሰኞ፣ ሄርሜላ ከልምምድ ገብታ የቤት ሥራዋን ዘረጋችና «አባዬ፣ ላይክ... ዛሬ ሆምወርኬን በግራ እጄ ብጽፍ ኦኬ ነው?» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ገጽዎ አትሌት ደካማ ጎኗንም ማሠልጠን አለባት የሚል ምክር አውጥቶ ነበርና እኔ ደስ አለኝ። ጎበዝ አልኳት። ለሸዋዓለም ደውዬ፣ ሳልነግራት በራሷ ደረሰችበት ብዬ ተኩራራሁ። ልጄ አራት ቀን በግራ እጇ ጻፈች፤ ጠዋትና ማታ ግን በቀኟ ወረወረች።

ቅዳሜ ጥሩወርቅ ጸጉሯን ልትሠራት ሹራቧን ስታወልቅላት ቀኝ ክንዷ ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። አልወጣም። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ይቅርታ ጠየቀች። «ሶሪ እማዬ፣ የዛሬው አርባ ብቻ ነው የቀረኝ» አለች።

ሐኪሙ ትከሻዋ ላይ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ መጎዳቱን፣ ይህ ዓመት እስኪያልቅ ኳስ መንካት እንደማይፈቀድላት፣ ከዚያ በኋላ ክንዷ እንደ ድሮው ይዞር እንደሆነ ግን ስታድግ እንደሚታይ ነገረን። በቀን ስንት እንደምትወረውር ጠየቀኝ፤ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያም እኔ ሦስት ጊዜ የለመንኩዎትን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ እኛ ካስወረወርናት ሩቡን አይሞላም።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ጉዳቱን ሳሳውቅዎ በማግስቱ ስለላኩልኝ መልስ ነው። «የልምምድ መጠን የወላጅ ኃላፊነት ነው» ይላል። በዚህ አልከራከርዎትም፤ አባቷ እኔ ነኝ፣ ባልዲው ላይ ተቀምጬ የቆጠርኩትም እኔ ነኝ፣ ይህ ጥፋት እስክሞት አብሮኝ ይኖራል። ነገር ግን ክቡርነትዎ በሦስት ወር ውስጥ ከጻፉልን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተነብቦ በትክክል የገባን ይህ ብቻ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ ነውር መሰለኝ። ኪኔቲክ የለበትም፣ ቼይን የለበትም፣ ተርጓሚ አያስፈልገውም። ኃላፊነት ከራስዎ ላይ ለማውረድ ሲሆን ይህን የመሰለ ጥርት ያለ ቋንቋ እንዳለዎት ባውቅ ኖሮ፣ ጥያቄዬን ከመጀመሪያው እንደ ክስ አድርጌ እጽፍልዎ ነበር።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በገጽዎ አናት ላይ፣ ከአርማዎና ከፈገግታዎ በላይ፣ አንድ ቁጥር ያስቀምጡ፤ ከሥሩም «ካመማት ታቁም» ብለው ይጻፉ። ለእኔ ልጅ አይደርስም። ለሌላዋ ይደርሳል።

ሥራ በበዛበት፣ ሰው በጠፋበት በዚህ የዘይት ዘመን ልጆቻችንን ሳያዩ፣ ስማቸውን ሳያውቁ፣ ከመቀመጫዎም ሳይነሡ ለማሠልጠን ስለበቁበት ድንቅ ችሎታ ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ እርስዎን የመሰለ አዋቂ እንዳያበዛብን ከመላው ቤተሰቤ ጋር እየጸለይኩ፣

እጅግ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣
ገብረመድኅን
የሄርሜላ አባት፣ ከኤሪን ውድስ

ተጨማሪ፦ ትናንት ገጽዎን ስከፍት «እንዲህ ይወረወራል» ከሚል ርእስ ሥር አዲስ ፎቶግራፍ አየሁ፤ ግርጌው ላይም «ፊቷ ላይ ያለውን ትኩረት ተመልከቱ» ይላል። ልጅቷ የእኔ ናት፤ ፎቶግራፉም በግራ እጇ በጻፈችበት ሳምንት ሐሙስ፣ ወላጆች ተራ በተራ በምንመራው የቡድን ልምምድ ላይ አንድ ወላጅ ያነሣው ነው። ያ ትኩረት አይደለም፤ ልቅሶዋን ስትይዝ ፊቷ እንዲያ ነው። እባክዎ ያንሡት፤ ሌሎች ወላጆች ከእርሱ እየተማሩ ነው።