መኪናዋን እንዳትነጂ

ዋሲላ፣

መኪናዋን እንዳትነጂ። ቁልፉን ይዤው ሄጃለሁ፤ ሆስፒታል ሥራ የምገባው በትራም ነው።

ትናንት አንቺ ሳትኖሪ ከኢንሹራንሱ ደወሉልኝ። ውላችንን ሰርዘውታል። ኤርፖርት መንገድ ላይ ከግንቡ ጋር ስትጋጪ ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ሰውዬ፣ እግሬን አመመኝ ብሎ ካሳ ሲጠይቅ ከፍሎ እንደተሳፈረ ነገራቸው። የቤት መኪና ብዬ ያስመዘገብኳት መኪና ታክሲ ሆና ስትሠራ እንደነበር እኔም የሰማሁት ከእነሱ ነው። አሁን ሌላ ኢንሹራንስም በቀላሉ አይቀበለኝም።

"ማን ነበር የሚነዳው?" አለኝ የደወለው ልጅ።

"እኔ።"

"እርግጠኛ ነሽ፣ እመቤት?"

"መኪናዋ የኔ አይደለች እንዴ?" አልኩት።

እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሰኞ ለትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌርነት እንደምትፈተኚ አውቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ስምሽ ከተነሳ ልጆች በአደራ አይሰጡሽም። ስለዚህ ሰውየው ቢከስ የሚጠሩት እኔን ነው። አንቺ ምንም እንዳትናገሪ፤ ሄደሽም ቃሌን እንዳታስተካክዪ።

እንድታመሰግኚኝ አይደለም የጻፍኩልሽ። ብቻ አንድ ቀን እንኳ፣ ዙሊኻ ችግር አለብኝ ብትዪኝ…

ተይው።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀሽ ብዪ። ከሰዓት ውሃ ስለሚጠፋ በባልዲ ቅጂ።

ማታ ደክሞኝ ነው የምመጣው። ይቅርታ ልጠይቃት ብለሽ ቁጭ ብለሽ እንዳትጠብቂኝ፤ ተኚ። በሩን ግን ከውስጥ እንዳትቀረቅሪው።

ዙሊኻ