በማይሠራ ፕሮግራም ስለ ማለፍ፦ ለኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ላቦራቶሪያችን ኮምፒውተሮች እንቅልፍ ማንም የማይረብሸው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሚመሩት ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስሜን ያልጻፍኩት ፈርቼ እንዳይመስልዎት ብዬ ምክንያት ስፈልግ ቆየሁ፤ አላገኘሁም፣ ፈርቼ ነው።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንድለጥፍ ያነሳሳኝ፣ ሰሞኑን ለአዲስ ገቢዎች ያሳደሉት «ኮምፒውተር ሳይንስ ስታጠኑ ምን ይጠብቃችኋል? እንዴትስ ይሳካላችኋል?» የሚለው ባለ ቀለም መመሪያ ነው። ወረቀቱ ያማረ፣ ፎቶውም የተዋጣለት ነው። በፎቶው ላይ የሚታዩት ተማሪዎች የእኛ ልጆች እንዳልሆኑ ግን ወዲያው ገብቶኛል፤ ሁሉም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። መመሪያው በሥራ ብዛት ሳይሆን አይቀርም አንዳንድ ነገር ዘሏል። ለሚቀጥለው እትም ቢጠቅም ብዬ ማሟያ ይዤ ቀርቤያለሁ። ከትምህርት የተባረረች አንዲት ጓደኛዬ በነገሩ ውስጥ ስላለችበት፣ ልትመለስ የምትችለውም ምዝገባው ዓርብ ከመዘጋቱ በፊት ብቻ ስለሆነ፣ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ ደጅ እጠናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ላቦራቶሪው። መመሪያዎ «ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር» ይላል፤ ሐሰት ነው የሚል ካለ እኔ እከራከርለታለሁ። ኮምፒውተሮቹ አሉ፣ በመስኮት እናያቸዋለን። የመጡበት ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈላቸውም። አቧራ እንዳይነካቸው መስኮቱ፣ ተማሪ እንዳይነካቸው ደግሞ በሩ ይዘጋል። ቁልፉ የላቦራቶሪው ረዳት ኪስ ውስጥ ነው፤ ረዳቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ብለምናቸው «አንቺ ተመርቀሽ ትሄጃለሽ፤ ማሽን ተበላሸ ሲባል የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ንብረቱ በስማቸው ስለተመዘገበ እንቅልፍ አጥተው ነው።

ስለዚህ እኛ ኮድ የምንጽፈው በወረቀትና በእስክርቢቶ ነው፤ የጻፍነው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ደግሞ ራሳችን ኮምፒውተር እንሆናለን። ቅዳሜ ከሰዓት ዶርማችን መጥተው ቢያዩን ደስ ባለዎት። አንዷ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ትይዛለች፣ አንዷ ትደምራለች፣ አንዷ የላይኛው አልጋ ላይ ወጥታ «እውነት!» ወይም «ሐሰት!» እያለች ትጮኻለች፣ ሌላዋ ትዕዛዙን መስመር በመስመር እያነበበች ታዞረናለች። ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚቋረጠው በስህተት ሳይሆን በረሃብ ነው። ከሁላችንም አንደኛ ኮምፒውተር የነበረችው፣ ክፍሉ «መርማሪ» እያለ የሚጠራት የአልጋ ጎረቤቴ ነበረች። ውሃ ቀጠነ የምትል ልጅ አይደለችም፤ ያልገባትን ነገር ገብቶኛል ማለት ግን ጨርሶ አልተፈጠረባትም። መመሪያዎ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ይህ ጠባይ አደገኛ መሆኑን ሳይነግራቸው ማለፉ በጣም አሳዝኖኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ ስላይዱ። የፕሮግራሚንግ መምህራችን ስላይዳቸውን የወረሱት ከቀድሞው መምህር ነው፤ የቀድሞው ደግሞ ከእሳቸው በፊት ከነበሩት። ፈተና ሲታረም መልሳችን ከስላይዱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከራል። ይህ አሠራር እርማቱን ምን ያህል እንዳቀለለው አውቃለሁና ምስጋናዬን አልነፍግም። ስላይዱ ላይ ካሉት ፕሮግራሞች አንዱ የክፍል ተማሪዎችን ስም በየተራ የሚጠራ ነው። አሥር ተማሪ እንዳለ ይነገረዋል፤ እንደ ኮምፒውተር ልማድ ከዜሮ ጀምሮ እየቆጠረ ይጠራል።

መርማሪ ይህን ፕሮግራም በዶርማችን ልታስኬደው ተነሳች። ከጎረቤት ዶርም ልጆች ተውሰን አሥር ሞላንና ተሰለፍን። እሷ ስላይዱን በእጇ ይዛ፣ ቃል ሳትጨምር ቃል ሳትቀንስ፣ እየዞረች ስማችንን ጠራች። አሥረኛዋ «አቤት» ካለች በኋላ ትዕዛዙ አሁንም «ቀጥዪ» ስላላት ቀጠለችና ጣቷን ወደ ቁም ሳጥኑ ቀሰረች። በሳቅ ፈረስን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጣቷን እንደቀሰረች ቆማ ቀረች። ለካስ አንዲት የእኩል ምልክት በትርፍነት ገብታ ኖሮ፣ ዘጠኝ ላይ መቆም የነበረበት ፕሮግራም እስከ አሥር ቆጥሮ የሌለ ተማሪ ፍለጋ ይሄዳል። በማግስቱ ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶኮፒ ቤት ሄዳ፣ የቤቱን ባለቤት አስፈቅዳ በእውነተኛ ኮምፒውተር ሞከረችው፤ አሥሩን ጠርቶ ደርቆ ቀረ። እንግዲህ ያ ስላይድ ስንት ባች ሲያስተምር ኖሮ፣ አንድም ሰው አስነስቶት አያውቅም ማለት ነው።

ይህን ለመምህሩ የነገረቻቸው በክፍል ፊት አይደለም። ሲወጡ ጠብቃ፣ ቦርሳቸውን ተቀብላ፣ እየተሽኮረመመች ነው። እሳቸውም «ይህ ስላይድ አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ ጀምሮ ያስተማረ ስላይድ ነው» አሏትና ቦርሳቸውን ተቀብለዋት ሄዱ። ፈተናው ላይ ያው ፕሮግራም መጣ። እኛ መመሪያዎ «ስኬታማ ተማሪ» የሚለን ሰዎች፣ አሥራ አንደኛውን ተማሪ እንዳለ አስገብተን፣ እንደማይሠራ እያወቅን ጻፍንና ሙሉ ነጥብ ተሰጠን። እሷ የምትሠራዋን ጻፈችና ዜሮ። ያቺ ዜሮ ውጤቷን ከማለፊያው በታች አወረደችው፣ በሴሚስተሩ መጨረሻም ስሟ የመባረሪያ ማስታወቂያው ላይ ወጣ። በገጽ አራት ላይ «በራሳችሁ አእምሮ አስቡ» የሚለው ምክር ያለ ማስጠንቀቂያ መታተሙ ኃላፊነት የጎደለው መሆኑን በአክብሮት አሳስባለሁ።

ሦስተኛ፤ የመጸዳጃ ቤት ውሃን በተመለከተ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን ነገር ይበዛብኛል።

አራተኛ፤ ስለ ቅሬታ አቀራረብ። የቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ጉዳዩን በጥልቀት መረመረ። በጥልቀት ማለቴ፣ መምህሩ ትክክል መሆን አለመሆናቸውን መምህሩን ጠየቀ፤ እሳቸውም ትክክል መሆናቸውን አረጋገጡ። መርማሪ ግን ላይ ታች ብላ፣ ከቢሮዎ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ሳትነሳ ሰነበተችና በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ ላቦራቶሪውን አስከፈቱላት። እኔም ተከትያት ገብቼ ነበር። የአዲስ ላስቲክ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። የስላይዱ ፕሮግራም ተጻፈ፣ ተነሳ፣ ደረቀ። እርስዎም ረጋ ብለው «ቫይረስ ይዞት ይሆናል» አሉ። ሁለተኛው ማሽን ላይም ደረቀ። ሦስተኛው ላይ ሲደገም ቫይረሱ ስላይዱ መሆኑ ታወቀ። ቀጥሎ የእሷ ተሞከረ፤ አሥሩን ጠርቶ በሰላም አበቃ።

ያን ጊዜ እጇን ጨብጠው «ጎበዝ፣ እንዳንቺ ያለ ተማሪ ነው የሚያስፈልገን» ማለትዎን አልረሳም። ከልብዎ ነበር፤ ይህንን አልጠራጠርም፤ ይበልጥ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ልጅቷ አምናዎት እየሮጠች ወጥታ ለእናቷ ደወለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለደንበኞቻቸው ሁሉ «ልጄ የኮምፒውተር ሐኪም ልትሆን ነው» እያሉ ነው የሚለኩት። መባረሯን አልነገረቻቸውም ነበር። «እማዬ፣ ፈተናው ትንሽ ተሳስቶ ነበር፣ ተስተካከለ» አለቻቸው። አልተስተካከለም።

አምስተኛ፤ ስለ ሲስተሙ። ውጤቷ በወረቀት ላይ ታርሞ፣ በፊርማዎ ጸድቆ፣ ማኅተም አርፎበት ሬጅስትራር ደረሰ። ሬጅስትራር የተቀመጡት እናት የምታክል ሴትዮ ቁልፉን ደጋግመው መትተው «ሲስተሙ አይቀበልም ልጄ፤ የተባረረ ተማሪ ውጤት አይገባለትም» አሏት። እሺ፣ መባረሩ ይነሳላት ተባለ። እሱም አይነሳም፤ መባረር የሚነሳው የማለፊያ ውጤት ሲገባ ነውና። ውጤቱ እንዲገባ መባረሩ ይነሳ፤ መባረሩ እንዲነሳ ውጤቱ ይግባ። እንዲህ ያለውን ማብቂያ የሌለው ዙር በመጀመሪያው ዓመት አስተምረውናል፤ ፈተና ላይ መጥቶልን ለይተን ያላወጣን ነጥብ ተቀንሶብናል። ይህን ሲስተም የሠራው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን የእኛው ትምህርት ክፍል ነው፤ የተሸለመበት የምስክር ወረቀት ከወንበርዎ ጀርባ ተሰቅሏል። መርማሪ «ክፈቱልኝና እኔው ላስተካክለው» ብላ ብትጠይቅ፣ የተባረረ ተማሪ ወደ ሲስተሙ መግባት እንደማይፈቀድለት ተነገራት።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ እያለቀብኝ ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ክቡርነትዎ፣ በቁጣ ነው የምጽፈው። አንድም ሰው አልጠላትም፣ ሁሉም አዝኖላታል፤ በሐዘኔታ እያሻሸን ከግቢው አስወጣናት። ፍራሿን መለሰች። ከየቢሮው መልቀቂያ አስፈረመች። የላቦራቶሪው ረዳት ሳይቀሩ የወሰደችባቸው ንብረት አለመኖሩን በጥንቃቄ አረጋግጠው ነው የፈረሙላት፤ አንድ ቀን ብቻ ከገባችበት ላቦራቶሪ ማለት ነው። በሩ ላይ ዘበኛው መታወቂያዋን ሲቀበሏት ዐይኗን ማየት አቅቷቸው መሬት መሬት ያዩ ነበር። እኔ ሻንጣዋን ይዤ እስከ አስፋልቱ ሸኘኋትና ትምህርት ስለነበረኝ ተመለስኩ።

አገር ቤት አልሄደችም። ምን ብላ ትሂድ? ያ ፎቶኮፒ ቤት ቀጠራት። አሁን ቀኑን ሙሉ አንድ ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች፤ የተማሪዎችን ጽሑፍ ትተይባለች፣ ስላይድ ታትማለች። ከመላው ክፍላችን «ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር» የተባለው የተፈጸመላት እሷ ብቻ ናት፤ ለዚህም መባረር እንዳስፈለጋት ለአዲሶቹ ግልጽ ቢያደርጉላቸው መልካም ነው። እናቷ እየደወሉ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይሏታል። «ደህና ነው እማዬ፣ ኮምፒውተር ላይ ነኝ» ትላቸዋለች። አልዋሸችም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲስተሙ ሰው የሠራው ነው፤ የሠሩትም ሰዎች ከቢሮዎ ሁለት በር አልፎ አሉ። ከዓርብ በፊት አንዳቸውን አስጠርተው ያንን ዙር ያስቆሙልን። ይህ ካልሆነ ደግሞ በመመሪያው ላይ አንድ መስመር ይጨመርልን፦ «እዚህ ክፍል ትክክል የሆነ ተማሪ እጁ ይጨበጣል፣ ከዚያም ይሸኛል።» አዲሶቹ ቢያንስ አውቀው ይግቡ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለፊርማዎ፣ ለሞቀው የእጅ ሰላምታዎና ለሦስቱ ማሽኖች ያለኝን የማይነጥፍ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ስላይዳችን ለዘመናት ሳይታረም እንዲዘልቅ በመመኘት፣

ታዛዥዎና የማይሠራ ፕሮግራም ጽፋ በከፍተኛ ውጤት ያለፈች፣
አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ያባዛችልኝ መርማሪ ናት። ሌላ ቤት ልሄድ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስለ እሷ የተጻፈን ነገር ከእሷ ደብቄ መለጠፉ ነውር መሰለኝ። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ትቆጣለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «ለተማሪ የሚታደለውን ፊትና ጀርባ ላድርገው? ወረቀት ይቆጥብልሻል» ብቻ አለችኝ። እሺ አልኳት። ለእርስዎ የሚደርሰውን ቅጂ ግን ነጥላ፣ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻው በንጹሕ ወረቀት አወጣችው፤ ኃላፊው ገጽ መገልበጥ እንዳይሰለቻቸው ብላ ነው።