ሁለተኛዋ ጉርሻ

እሑድ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሮም

ዛሬ የልጄ የሔለን እጮኛና እናቱ ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለ የፊሊፒኖች ምግብ ቤት ምሳ ጋበዙን። እናቱ ሎርና እንደኔው የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ ደግ ሴት። ጠረጴዛው ላይ የሙዝ ቅጠል ተነጥፎ ሩዙና ዓሣው እላዩ ላይ ቀረበ፤ ሁሉም በእጁ ነው የሚበላው። በኮኮናት ወተትና በቃሪያ የተሠራ ጎመን የመሰለ ነገር አለ፣ የሎርና አገር ምግብ ነው አሉኝ። ጣፈጠኝ። በእጅ መብላቱ አደፋፈረኝና ሩዙን ከጎመኑ ጋር ጠቅልዬ ሔለንን አጎረስኳት።

ሎርና አይታ ሳቀች። «አሎራ፣ እንግዲህ ከገና በኋላ አገራችን ስንገባ ደግሞ እኔ አበላታለሁ» አለች በጣሊያንኛ።

«የት ስትገቡ?» አልኩ።

ሔለን ቅጠሉን እያየች፣ «ማማ፣ ልነግርሽ ነበር። ፊሊፒንስ ልንኖር ነው» አለችኝ።

ሁለተኛዋን ጠቅልዬ ይዣለሁ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ የመጀመሪያዋን ሳትውጥ ነበር ለሁለተኛዋ አፏን የምትከፍተው። ዘረጋሁላት።

«ባስታ ማማ፣ ጠግቤያለሁ።»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ሎርና እንዳላፍር ብላ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተችልኝ። አጎረስኳት።

እንግዲህ ለሁለቱም አንድ አንድ ደረሳቸው። ሌላ ልጠቅልል ብል እጄ እምቢ አለኝ።