የዳልቻ ግራ ጆሮ

ሰኞ

በሬዬን ዳልቻን ዛሬ ጆሮውን አስበሳሁት፤ ባለ ቁጥር ቢጫ ምልክት ተንጠልጥሎለታል፣ ቁጥሩም በስሜ ተመዝግቧል። ግዴታ አይደለም፣ “በፈቃድ ነው” ብሎናል የከብት ሐኪሙ። እኔ ግን በጦርነቱ ከተሰደድንበት ስንመለስ ይህንኑ በሬዬን የሰው በረት ውስጥ አግኝቼ፣ የኔ መሆኑን ለማስረዳት ሦስት ቀን ሽማግሌ ፊት ተቀምጫለሁ። ሌላው በሬዬ እንደወጣ ቀረ። ዳልቻም ከጠፋ አለቀልኝ።

ወጪ፦ የምልክቱ ዋጋ። ግራና ከተማ ደርሶ መልስ። ግማሽ የሥራ ቀን። አንድ ርግጫ፣ ጭኔ ላይ።

ጋሽ ይመር መቀናጆዬ ናቸው። እሳቸው አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ፤ አጣምረን የሁለታችንንም መሬት እናርሳለን። “በሬዎን ቡሬንም ያስመዝግቡ” ብላቸው፣ “ከብት ቆጥሮ የበረከተለት አላየሁም። ዓይን ይበላዋል” አሉኝ። ሳቅሁባቸው።

ማክሰኞ

ጆሮው አብጧል። በጨው ውሃ አጠብኩት። ይሄ ወጪ ሲመዘገብ አልተነገረኝም።

ቅዳሜ የመስኖ ውሃ ተራችን ነው። እስከዚያ የሽንኩርቱ መሬት ካልታረሰ ተራው ያልፈናል። ጦርነቱ ጎተራችንን ባዶ አድርጎታል፣ የቀረን ይሄው ሽንኩርት ነው። ጨንቆኛል።

ረቡዕ

ጠመድናቸው። ዳልቻ የቀኝ በሬ ነው። በግራው የቆመው ቡሬ ራሱን ባዞረ ቁጥር ቀንዱ ቁስሉን ይነካዋል፣ ዳልቻ ይዘላል፣ ማረሻው ከትልሙ ይወጣል። ሁለት ትልም አርሰን ፈታናቸው።

ጋሽ ይመር ጆሮውን ትክ ብለው አዩት። “ምን ነክቶህ ነው በውስጥ በኩል ያስበሳኸው?”

እዚህ ላይ መዋሸት አልችልም። ሐኪሙ የቱን ጆሮ ልብሳው ሲለኝ ግራውን ያልኩት፣ ሲጠመድ ምልክቱ በቡሬ በኩል ተሸሽጎ መንገደኛ እንዳያየው ነው። ዓይን ፈርቼ! በሳቸው የሳቅኩት ሰውዬ! ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሐሙስ

የጋሽ ይመር ዘዴ፦ ዳልቻ በግራ፣ ቡሬ በቀኝ። ቁስሉ ወደ ውጭ ዞረ። ግን ጎኑ የተቀየረበት በሬ መንገድ አያውቅም፤ አንዱ ሲጎትት ሌላው ይቆማል። ትልማችን ተጣሞ ተጣሞ ጉድ ሆነ። አላፊ አግዳሚው “በእንቅልፍ ልባችሁ ነው እንዴ ያረሳችሁት?” እያለ ሄደ። ይበል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን፤ አልሐምዱሊላህ።

ዓርብ

ከጁምዓ ስንወጣ አንድ ሹፌር ከወልድያ ወዲያ ተኩስ መስማቱን አወራ። ደግሞ ልንሰደድ ነው?

ጋሽ ይመር ጫማቸውን እያጠለቁ፣ ቀስ ብለው፣ “ሐኪሙ ነገ ግራና ይገኛል?” አሉኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ውሃው በተራችን መጣ። በጠማማው ትልም ውስጥ ሲሄድ ቆመን አየነው። ይሄዳል!

ከሰዓት ቡሬን ግራና ነዳነው። “በውጭው ጆሮ፣ እንዲታይ” አሉ ጋሽ ይመር። ሐኪሙ የባለቤቱን ስም ጠየቀ።

“የኔንም የሱንም ጻፍ” አሉት ወደ እኔ እየጠቆሙ። “ዳልቻም ላይ የኔን ጨምርበት። አንዳችን ባንመለስ የተረፈው ይፈልጋቸዋል።”

ሐኪሙ የመዝገቡ ቦታ የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የሚይዘው እያለ አጉረመረመ፣ ግን ጠርዙ ላይ ጻፈልን።

“ሌላ ከብትስ? ፍየል ስንት አለዎት?” አላቸው።

“አላህ የሰጠኝን ያህል” አሉና ቡሬን እየነዱ ወጡ።